ሰብአዊ መብቶች በወረቀትና በመሬት ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው። እዚህ ያለው አጠቃላይ ማብራሪያ ነው። በእጅዎ ያለ ጉዳይ ካለና ቀነ ገደብ እየተቃረበ ከሆነ ማንበቡን ለሌላ ጊዜ አቆይተው አስቀድመው ጠበቃ ያነጋግሩ።

ሰብአዊ መብቶች በተግባር ይከበራሉ ወይስ ባዶ ቃል ናቸው?

እንዲህ በጅምላ ሲጠየቅ «አዎ»ም «አይደለም»ም ያሳስታል። መልስ የሚገኘው ጥያቄው ሲከፋፈል ነው፦ የትኛው መብት? የማን መብት? ግዴታው ያለበትስ ማን ነው? አንድ መንግሥት ሕፃናቱን ሁሉ ትምህርት ቤት እያስገባ ጋዜጠኛ ሊያስር ይችላል። በአንድ አገር፣ በአንድ ቀን፣ ጠበቃ ያቆመ ታሳሪ ዳኛ ፊት ሲቀርብ፣ ጠያቂ የሌለው ወር ሙሉ ሊረሳ ይችላል። ባርነትም በዓለም አቀፍ ሕግ ያለ ምንም ልዩነት ተከልክሎ ሳለ ዛሬም በሰዎች ላይ ይፈጸማል።

ስለዚህ መብት ሲጣስ ሰንሰለቱ የት ላይ እንደተበጠሰ መፈለግ ይጠቅማል፤ መበጠሻዎቹ የታወቁ ናቸውና። አገሩ ስምምነቱን አላጸደቀው ይሆናል። ቢያጸድቀውም በአገር ውስጥ ሕጉ አላስገባው ይሆናል። ሕጉ ቢኖርም አቤት የሚባልበት በር ይታጣል፣ ወይም በሩ ገንዘብና ጊዜ ላለው ብቻ ይከፈታል። በሩ ሲከፈት ማስረጃው ጠፍቶ ይገኛል። ሁሉም ተሟልቶ ውሳኔ ሲሰጥ ደግሞ ፈጻሚ ይጠፋል። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው በዚህ በመጨረሻው ነው። በእኛ ግምት ግን ብዙው ጉዳይ የሚሞተው ቀደም ብሎ ማስረጃው ላይ ነው፤ ስለዚህም ከታች ስለ ማስረጃ ረዘም አድርገን ጽፈናል።

የ1948ቱ መግለጫ ሕግ ነው?

ሁሉ አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በታኅሣሥ (ዲሴምበር) 10 ቀን 1948 በፓሪስ የጸደቀው በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ነው። 48 አገሮች ደገፉት፤ የተቃወመው የለም፤ 8 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ተዓቅቦ ያደረጉት ሶቪየት ኅብረትና አጋሮቿ፣ ዩጎዝላቪያ፣ አፓርታይድን እየዘረጋች የነበረችው ደቡብ አፍሪካ እና ሳዑዲ ዓረቢያ ናቸው። የጉባኤው ውሳኔ እንደ ስምምነት አስገዳጅ አይደለም። ሆኖም ከ30ዎቹ አንቀጾች ከፊሎቹ፣ ለምሳሌ የባርነትና የማሰቃየት ክልከላ፣ ዛሬ ስምምነት የፈረመውንም ያልፈረመውንም የሚያስገድድ ልማዳዊ ዓለም አቀፍ ሕግ ሆነዋል።

በአቤቱታ ላይ መግለጫውን ብቻ ጠቅሶ መቅረብ ግን የተለመደ ድክመት ነው። ሊጠቀስ የሚገባው አስገዳጁ ስምምነት ነው፦ በ1966 የጸደቁትና በ1976 ሥራ ላይ የዋሉት ሁለቱ ቃል ኪዳኖች (የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች፤ የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች)፣ ከዚያም ስለ ዘር መድልዎ (1965)፣ ስለ ሴቶች (1979)፣ ስለ ማሰቃየት (1984)፣ ስለ ሕፃናት (1989)፣ ስለ ፍልሰተኛ ሠራተኞች (1990)፣ ስለ አካል ጉዳተኞች እና ስለ አስገድዶ መሰወር (ሁለቱም 2006) የወጡት ስምምነቶች። ዋና የሚባሉት እነዚህ ዘጠኙ ናቸው።

የምዕራባውያን ፈጠራ አይደለም እንዴ?

ክሱ ግማሽ እውነት አለው። በ1948 አብዛኛው አፍሪካና ሰፊው የእስያ ክፍል በቅኝ ግዛት ሥር ስለነበር ድምፅ አልሰጠም፤ ከአፍሪካ በጉባኤው የነበሩት ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናቸው። ሌላው ግማሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የአርቃቂ ኮሚቴው ሰብሳቢ አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ሩዝቬልት ብትሆንም ከዋነኞቹ አርቃቂዎች መካከል የቻይናው ፔንግ ቹን ቻንግና የሊባኖሱ ቻርልስ ማሊክ ነበሩ። የመጀመሪያው አንቀጽ ሴቶችንም በግልጽ እንዲያቅፍ የተከራከረችው የሕንዷ ሀንሳ ሜህታ ናት። የላቲን አሜሪካ ልዑካን የማኅበራዊ መብቶች አንቀጾች እንዲገቡ ገፍተዋል። ነጻነታቸውን የተቀዳጁት አገሮች ድርጅቱን ሲቀላቀሉ ደግሞ የዘር መድልዎን ስምምነት ወደፊት አመጡ፤ የሕዝቦች የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብትም የሁለቱም ቃል ኪዳኖች አንቀጽ 1 ሆነ።

ከልምድ ስናየው «ባህላችን አይደለም» የሚለው ክርክር ከታሳሪው አፍ ሲወጣ አይሰማም።

መፈረምና ማጽደቅ ልዩነት አላቸው?

አላቸው፤ ትልቅ ልዩነት ነው። መፈረም ሐሳብን መግለጽ ነው፤ ከፈረሙ በኋላ የስምምነቱን ዓላማ የሚያፈርስ ነገር ካለማድረግ በቀር ሙሉ ግዴታ አይመጣም። ግዴታው የሚመጣው በማጽደቅ ነው። ዩናይትድ ስቴትስ የሕፃናት መብቶችን ስምምነት በ1995 ፈርማ እስካሁን አላጸደቀችም፤ ከተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች ስምምነቱን ያላጸደቀች እሷ ብቻ ናት።

አንድ አገር በምን በምን እንደታሰረ እንዴት ላጣራ?

መነሻው የተባበሩት መንግሥታት የስምምነቶች መዝገብ ነው፤ በኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። በስምምነቱ ገጽ ላይ አራት ነገሮችን ይመልከቱ። አንደኛ፣ አገሩ ያጸደቀበትን ቀን፤ ከዚያ ቀን በፊት ለተፈጸመ ድርጊት በመርህ ደረጃ ስምምነቱ አይሠራም። ሁለተኛ፣ ተዓቅቦዎችን፤ መንግሥት «ይህ አንቀጽ አያስገድደኝም» ብሎ ያጸደቀ ሊሆን ይችላል፣ እርስዎ የሚፈልጉት አንቀጽም በትክክል እሱ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ የግለሰብ አቤቱታ የመቀበል ሥልጣን። ይህ ለብቻው የሚሰጥ ስምምነት ነው፤ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን ከ170 በላይ አገሮች ሲያጸድቁ አቤቱታ የሚያስችለውን የመጀመሪያውን አማራጭ ፕሮቶኮል ያጸደቁት ግን ከ120 ያንሳሉ። አራተኛ፣ በአስቸኳይ ጊዜ መብት ለማገድ የላኩት ማስታወቂያ ካለ እሱን።

ከዚያ የአገሩን ሕገ መንግሥት ያንብቡ። በአንዳንድ አገር የጸደቀ ስምምነት ዳኛ በቀጥታ የሚጠቅሰው ሕግ ይሆናል፤ በሌላው ፓርላማ ለብቻው ሕግ ካላወጣ ዳኛው አይጠቅሰውም።

መንግሥት መብትን መገደብ ይችላል? በአስቸኳይ ጊዜስ?

ከሞላ ጎደል ሁሉም መብት ሊገደብ ይችላል፤ የማሰቃየትና የባርነት ክልከላ ግን በምንም ሁኔታ አይነካም። ሐሳብን ለመግለጽ መብት የሚሠራው መመዘኛ በሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 19 ንዑስ 3 የተቀመጠው ሲሆን ሦስት ጥያቄ ያነሳል። ገደቡ አስቀድሞ በታወጀ፣ ሰው ሊረዳው በሚችል ግልጽ ሕግ ላይ የቆመ ነው? ዓላማው ከተዘረዘሩት (የሌሎች መብት፣ ብሔራዊ ደኅንነት፣ የሕዝብ ሰላም፣ ጤና፣ ሞራል) አንዱ ነው? ለዚያ ዓላማ የግድ አስፈላጊና ተመጣጣኝ ነው? መንግሥታት የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን በቀላሉ ያልፋሉ፤ የሚወድቁት በሦስተኛው ነው። አንድ ጽሑፍን ማስነሳት በቂ ሆኖ ሳለ ኢንተርኔቱን ለአገር ሁሉ መዝጋት ተመጣጣኝ ነው ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው።

የአስቸኳይ ጊዜ ሌላ ነገር ነው፤ ደንቡ በዚያው ቃል ኪዳን አንቀጽ 4 ላይ ይገኛል። የአገሪቱን ህልውና የሚያሰጋ አደጋ መኖር አለበት፤ አዋጁ በይፋ መታወጅ አለበት፤ እርምጃው ሁኔታው ከሚጠይቀው አይዘልም፤ በዘር፣ በቀለም፣ በጾታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት ወይም በማኅበራዊ ምንጭ ብቻ አይለይም፤ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊም ወዲያው ይገለጻል። በዚህም ጊዜ የማይታገዱ አሉ፦ ሕይወትን በዘፈቀደ አለማጣት፣ አለመሰቃየት፣ ለባርነት አለመዳረግ፣ ውል ባለመፈጸም ብቻ አለመታሰር፣ ወደኋላ ተመልሶ በሚሠራ የወንጀል ሕግ አለመቀጣት፣ በሕግ ፊት ሰው ሆኖ መቆጠር፣ የኅሊናና የሃይማኖት ነጻነት። የዚህን ቃል ኪዳን አፈጻጸም የሚከታተለው የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ2001 ባወጣው ማብራሪያ እስሩ ሕጋዊ መሆኑን በፍርድ ቤት የማስመርመር መብትንም መንካት እንደማይቻል አስታውቋል። ለታሳሪ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ «አዋጅ አለና ፍርድ ቤት አያይም» ሲባሉ መልሱ ይኸው ነው።

ድሃ አገር ትምህርትንና ጤናን ካላሟላ መብት ጣሰ ይባላል?

ድህነቱ ብቻውን ጥሰት አይሆንም፤ ድህነትን ሰበብ ማድረግ ግን ሊሆን ይችላል። የኢኮኖሚና የማኅበራዊ መብቶች ቃል ኪዳን መንግሥት «ባለው ሀብት መጠን በሂደት» እንዲያሟላ ይጠይቃል። ሂደት የማይጠብቁ ግዴታዎችም አሉበት፦ አለማድላት፣ ዕቅድ አውጥቶ እርምጃ መጀመር፣ የተደረሰበትን ያለ በቂ ምክንያት ወደኋላ አለመመለስ፣ እንዲሁም ዝቅተኛውን ወለል ማለትም መሠረታዊ ምግብን፣ መጠለያን፣ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎትንና መሠረታዊ ትምህርትን ማዳረስ። መንግሥት ወለሉን ካላሟላ ያለውን ሀብት ሁሉ ለዚያ እንዳዋለ የማስረዳት ሸክሙ የራሱ ነው።

ይህ በፍርድ ቤት እንደሚሠራ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አሳይቷል። በ2002 ውሳኔው፣ ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚረዳውን ኔቪራፒን መንግሥት በጥቂት የሙከራ ጣቢያዎች ብቻ መወሰኑ ተገቢ አይደለም ብሎ ገደቡን እንዲያነሳ አዘዘ። አምራቹ መድኃኒቱን ለተወሰነ ጊዜ በነጻ ለመስጠት ቃል ገብቶ ስለነበር «ገንዘብ የለም» የሚለው ክርክር አቅም አጥቷል። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ የያዘ ሰው ከሁሉ በፊት የበጀት ሰነድ ያንብብ፤ ገንዘቡ የት እንደሄደ ካላሳየ ክርክሩ ግማሽ ይሆናል።

የበደለኝ መንግሥት ሳይሆን ግለሰብ ወይም ኩባንያ ቢሆንስ?

በስምምነቶቹ ተጠያቂው መንግሥት ነው፤ ሆኖም ግዴታው በገዛ እጁ አለመበደል ላይ አያበቃም። ሌላው እንዳይበድል የመጠበቅ፣ ከበደለም የመመርመር፣ የመቅጣትና ተበዳዩን የመካስ ግዴታ አለበት። የአሜሪካ አህጉር የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1988 በሆንዱራስ ላይ በሰጠው ፍርድ መርሁ በግልጽ ተቀምጧል፦ ድርጊቱን የፈጸመው ባይታወቅ እንኳ መንግሥት በቂ ትጋት ካላሳየ ይጠየቃል። ስለዚህ አቤቱታዎ «ኩባንያው በደለኝ» ሳይሆን «ኩባንያው ሲበድለኝ ለፖሊስ በዚህ ቀን አመለከትኩ፣ ምርመራ አልተከፈተም» የሚል መሆን አለበት። ለፖሊስ ያመለከቱበት ማስረጃ ከሌለ ይህ መንገድ ተዘጋ ማለት ነው።

ዘመዴ ተያዘብኝ፣ የት እንዳለ አላውቅም። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

የሚቀድመው መጻፍ ነው። የተያዘበትን ሰዓትና ቦታ፣ የያዙትን ሰዎች ብዛትና ልብስ፣ የመኪናውን ዓይነትና ታርጋ፣ የእስር ማዘዣ አሳይተው እንደሆነ፣ ምን እንዳሉ፣ ማን እንዳየ በዚያው ቀን ይጻፉት። በሳምንቱ የተጻፈ ምስክርነት በዚያው ቀን ከተጻፈው እጅግ ይዳከማል።

ከዚያ በአካባቢው ያሉ ማቆያዎችን በአካል ይጠይቁ። «እዚህ የለም» ከተባሉ የመለሰልዎትን ሰው ስም ወይም የመለያ ቁጥር ከነሰዓቱ ይያዙ። ጥያቄዎን በጽሑፍም አስገብተው ገቢ የተደረገበት ማህተም ያረፈበትን ቅጂ ያስቀሩ። በቃል የተጠየቀ ሁሉ በኋላ «አልተጠየቅንም» ይባላል። ጎን ለጎን ጠበቃ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ያቅርብ። የተያዘ ሰው ሳይዘገይ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት፤ የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ2014 ማብራሪያው 48 ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በቂ መሆኑንና ከዚያ ማለፍ የሚቻለው እጅግ በተለየ ሁኔታ ብቻ መሆኑን ገልጿል። ለሕፃናት የሚመክረው 24 ሰዓት ነው።

የአገር ውስጡ መንገድ እስኪያልቅ የማይጠብቁ ሁለት የተባበሩት መንግሥታት የሥራ ቡድኖች አሉ። የዘፈቀደ እስራት የሥራ ቡድን በመጠይቅ ቅጽ አቤቱታ ይቀበላል፤ አደጋው ቅርብ ከሆነ ለመንግሥቱ አስቸኳይ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በመደበኛው ሂደት ደግሞ መንግሥት በ60 ቀን እንዲመልስ ጠይቆ እስሩ የዘፈቀደ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ይወስናል። የአስገድዶ መሰወር የሥራ ቡድን ሰውየው ከተሰወረ ሦስት ወር ካልሞላው በአስቸኳይ ሥርዓቱ ያየዋል። ለሁለቱም አገሩ ስምምነት ማጽደቁ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የታሳሪው ስም ለመንግሥቱ ይደርሳል፣ ያመለከተው ሰው ማንነት ግን በምስጢር ይያዛል። ስለዚህ በተቻለ መጠን የታሳሪውን፣ ካልሆነም የቤተሰቡን ፈቃድ ሳይጠይቁ አይላኩ።

ማስረጃ እንዴት ይያዛል?

የአካል ጉዳት የሰዓታት ጉዳይ ነው። የበለዘ አካል በቀናት ውስጥ ቀለሙን ይቀይራል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ሊጠፋም ይችላል። መጀመሪያ ሰውየው ማን እንደሆነ የሚታይበት ሙሉ ፎቶ፣ ቀጥሎ የአካል ክፍሉ፣ ከዚያ ጉዳቱ በቅርበት ይነሳ። በቅርቡ ፎቶ ላይ ማስመሪያ ወይም መጠኑ የታወቀ ነገር ጎን ይቀመጥ። ያለ ፍላሽና በፍላሽ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይደገም።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «ቁስል አለው» የሚል የአንድ መስመር ወረቀት ይዘው አይመለሱ። በ1999 ወጥቶ በ2022 የተሻሻለው የኢስታንቡል ፕሮቶኮል ሐኪሙ ጉዳቱን ሰውየው ከተናገረው ጋር አነጻጽሮ በአምስት ደረጃ እንዲፈርጅ ያዛል፦ ከማይገጥም አንስቶ፣ የሚገጥም፣ በእጅጉ የሚገጥም፣ የዚያ ድርጊት ዓይነተኛ መገለጫ የሆነ፣ ከዚያ ድርጊት በቀር በሌላ ሊመጣ የማይችል እስከሚል። ዳኛን የሚያሳምነው ይህ ማነጻጸር ነው። ምልክት አለመኖሩ አለመሰቃየትን አያሳይም፤ ብዙ የማሰቃያ ዘዴ የሚመረጠው ምልክት ስለማይተው ነውና፣ የአእምሮ ሐኪም ግምገማም ይጠየቅ።

ፎቶና ቪዲዮ በመልእክት መላኪያ መተግበሪያ ሲተላለፍ ጥራቱ ይቀንሳል፤ የተነሳበት ቀንና ቦታ መረጃም ብዙውን ጊዜ ይፋቃል። ዋናው ፋይል ሳይነካ ተቀምጦ ቅጂው ይላክ። ፋይሉ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ መቼ እንዳለፈ በማስታወሻ ይያዝ። ምስክሮችን አንድ ላይ አድርጎ አለመጠየቅም ሊታሰብበት ይገባል፤ አንዱ የሌላውን ታሪክ ሳያውቀው ይወርሳል፣ ቃሉም በቀላሉ ይፈርሳል።

ለዓለም አቀፍ አካል አቤቱታ እንዴት አቀርባለሁ? እስከ መቼ?

ለስምምነት ኮሚቴዎች (የየስምምነቱን አፈጻጸም ለሚከታተሉት የተባበሩት መንግሥታት አካላት) የሚቀርብ አቤቱታ ክፍያ የለውም፤ ጠበቃም የግድ አይደለም፣ ቢኖር ግን ብዙ ይለውጣል። ይዘቱ ይህ ነው፦ የተበዳዩ ማንነትና ሌላ ሰው ካቀረበው የተፈረመ ውክልና፤ የሚከሰሰው አገር፤ ድርጊቶቹ በቀን ቅደም ተከተል፤ እያንዳንዱ ድርጊት የጣሰው አንቀጽ፤ በአገር ውስጥ የተሞከሩት መንገዶች ከነቀናቸውና ከውሳኔ ቅጂያቸው፤ ጉዳዩ ለሌላ ዓለም አቀፍ አካል ቀርቦ እንደሆነ፤ የሚጠየቀው መፍትሔ። ስም ሳይገልጹ ማመልከት አይቻልም፤ በሚታተመው ውሳኔ ላይ ስም እንዳይወጣ መጠየቅ ግን ይቻላል። ሊመለስ የማይችል ጉዳት፣ ለምሳሌ የሞት ቅጣት ወይም ወደ ሚያሰቃይ አገር መባረር፣ ደጅ ላይ ከሆነ ጊዜያዊ እርምጃ እንዲታዘዝ በአቤቱታው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጠየቅ።

ቀነ ገደቡ እንደየአካሉ ይለያያል፤ የሚቆጠረውም በጥቅሉ ከመጨረሻው የአገር ውስጥ ውሳኔ ነው። የዘር መድልዎ ኮሚቴ 6 ወር ይሰጣል። የሕፃናት መብቶች ኮሚቴና የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ኮሚቴ 1 ዓመት ይሰጣሉ። የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ ቁርጥ ያለ ገደብ ባይኖረውም ከ5 ዓመት በኋላ የመጣን ያለ በቂ ምክንያት ከሆነ ላይቀበል ይችላል። የአሜሪካ አህጉር የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን 6 ወር ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ከየካቲት (ፌብሩዋሪ) 2022 ጀምሮ ከ6 ወደ 4 ወር አውርዶታል፤ የራሱ ቅጽ ሙሉ በሙሉ ካልተሞላ ደግሞ ጊዜው መቆጠሩን አያቆምም። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን የሚሠራበት ቻርተር «ተገቢ ጊዜ» ብቻ ይላል፤ ኮሚሽኑ ግን በዚምባብዌ ላይ በቀረበ ጉዳይ የ22 ወር መዘግየትን አልተቀበለም። ስለዚህ ለዚህ ኮሚሽን ሲያመለክቱ ከ6 ወር አያሳልፉ።

በአሩሻ የሚገኘው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ግለሰብን በቀጥታ የሚሰማው አገሩ በፕሮቶኮሉ አንቀጽ 34 ንዑስ 6 መሠረት ልዩ መግለጫ ከሰጠ ብቻ ነው፤ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ቤኒንና ኮትዲቯር ሰጥተውት መልሰው አንስተውታል። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ (ኢኮዋስ) ፍርድ ቤት በተቃራኒው የአገር ውስጥ መንገድ መጨረስን አይጠይቅም። በ2008 በባርነት ተይዛ የነበረች ሴት ኒጀርን ከሳ 10 ሚሊዮን ሴፋ ፍራንክ ካሳ የተፈረደላት በዚህ ፍርድ ቤት ነው።

አቤቱታዎች ለምን ይወድቃሉ?

አንደኛው ምክንያት የአገር ውስጥ መፍትሔ አለመሟጠጥ ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚስተው ይግባኝ መጠየቁን ብቻ ስለሚያስብ ነው፤ የመብት ክርክሩን ራሱን በአገር ውስጥ ፍርድ ቤት ማንሳትም ይጠበቃል። በአገር ውስጥ ስለ ማስረጃ አቀባበል ብቻ ተከራክሮ በጄኔቫ በተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ፊት ስለ መሰቃየት ማንሳት አይቻልም። «ፍርድ ቤቱ እንደማይፈርድልኝ አውቃለሁ» ማለትም ብቻውን አይበቃም። ሂደቱ ከመጠን በላይ መጓተቱን፣ ወይም ፍርድ ቤቱ ተመሳሳይ ጉዳይ ደጋግሞ መጣሉን በሰነድ ማሳየት ግን ይበቃል።

ሌሎቹ፦ ድርጊቱ አገሩ አቤቱታ መቀበል ከመጀመሩ በፊት የተፈጸመ መሆኑ፤ ጉዳዩ በሌላ ዓለም አቀፍ አካል እየታየ መሆኑ፤ አመልካቹ ራሱ ተበዳይ ሳይሆን ሕጉን በጥቅሉ የሚቃወም መሆኑ፤ ኮሚቴውን እንደ ይግባኝ ሰሚ አድርጎ ዳኛው ማስረጃ በትክክል አልመዘነም ብቻ ማለት። በአፍሪካ ኮሚሽን ዘንድ ደግሞ የስድብ ቃል ያለበት፣ ወይም በመገናኛ ብዙኃን ዜና ላይ ብቻ የተመሠረተ አቤቱታ በቻርተሩ አንቀጽ 56 መሠረት አይታይም። ንዴት ይገባናል፤ ከጽሑፉ ግን ይውጣ።

ከረታሁስ? ማን ያስፈጽምልኛል?

የአውሮፓና የአሜሪካ አህጉር ፍርድ ቤቶች ፍርድ አስገዳጅ ነው። የመጀመሪያውን አፈጻጸም የአውሮፓ ምክር ቤት የሚኒስትሮች ኮሚቴ ይከታተላል፤ የሁለተኛውን ፍርድ ቤቱ ራሱ። የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴዎች ውሳኔ እንደ ፍርድ አይፈጸምም፤ መንግሥት ምን እንዳደረገ በ180 ቀን እንዲያሳውቅ ይጠየቃል፣ ዝም ቢልም ፖሊስ አይላክበትም። ካሳ መክፈል ቀላሉ ነው፤ መንግሥታት ከፍለው ይገላገላሉ። የሚዘገየው ሕግ መለወጥና ጥፋተኛውን መርምሮ መክሰስ ነው።

ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል የቻድ የቀድሞ ፕሬዚዳንት የሂሴን ሀብሬ ጉዳይ ያሳያል። ከ1982 እስከ 1990 ገዝቶ ወደ ሴኔጋል ሸሸ። በአገዛዙ ዘመን የተሰቃዩ ተበዳዮች በ2000 ዳካር ላይ ከሰሱት፤ የሴኔጋል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን የለንም አሉ። ተበዳዮቹ ወደ ቤልጂየም ዞሩ። በ2001 እንጃሜና ውስጥ የደኅንነት ፖሊሱ ትቷቸው የሄዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰነዶች ተገኙ። ቤልጂየም ሴኔጋልን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱም በ2012 «ወይ ክሰሱት ወይ አሳልፋችሁ ስጡት» ብሎ ወሰነ፤ የተመሠረተውም በ1984ቱ የማሰቃየት ስምምነት ላይ ነበር። ከአፍሪካ ኅብረት ጋር የተቋቋመው ልዩ ችሎት በግንቦት (ሜይ) 2016 ዕድሜ ልክ ፈረደበት፤ በ2017 ይግባኙ ጸና፣ 82 ቢሊዮን ሴፋ ፍራንክ ገደማ ካሳም ተወሰነ። ካሳው ግን ለዓመታት ሳይከፈል ቆየ። እዚህ ውስጥ መብት ተከብሯል ወይስ አልተከበረም? ሁለቱም። ሰንሰለቱ እንዳይበጠስ የያዘው ግን ተበዳዮች ቀድመው የሰበሰቡት ቃልና በኋላ የተገኘው ወረቀት ነው።

ለዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ብከስስ አይቀልም?

አይቀልም። በሄግ ያለው ፍርድ ቤት የሚያየው ግለሰብ ጥፋተኞችን ነው፤ ሥልጣኑም በዘር ማጥፋት፣ በሰብአዊነት ላይ በሚፈጸም ወንጀል፣ በጦር ወንጀልና በወረራ ወንጀል የተወሰነ ነው፤ ከሐምሌ (ጁላይ) 1 ቀን 2002 በፊት የተፈጸመንም አያይም። መረጃ ለዐቃቤ ሕጉ መላክ ይቻላል፤ ክስ መክፈቱ ግን የእሱ ውሳኔ ነው።

የአገሮችን ደረጃ የሚያወጡ ሪፖርቶችን ልመን?

ያንብቡ፤ ቁጥር ብቻ ግን አይመኑ። አቤቱታ የበዛበት አገር የግድ የከፋ አይደለም፤ ሰው ሳይፈራ የሚያመለክትበት፣ ጋዜጠኛ የሚዘግብበት ሊሆን ይችላል። ዝም ያለው አገር የተዘጋ በመሆኑ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም መመዘኛዎች ከጊዜ ጋር ይጠብቃሉ፤ ቀድሞ «የእስር ቤት ሥርዓት» ይባል የነበረ ዛሬ ጥሰት ነው። በ2015 የጸደቁት የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ለብቻ ማሰርን ይከለክላሉ፤ ለብቻ ማሰር የሚሉትም በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ትርጉም ያለው የሰው ግንኙነት ሳይኖር መቆየትን ነው። መስፈሪያው ሲለወጥ ያለፈውን ከአሁኑ በጥሬ ቁጥር ማወዳደር ያሳስታል።

ተበዳይ አይደለሁም። ምን ማድረግ እችላለሁ?

በየአራት ዓመት ተኩሉ ገደማ እያንዳንዱ አገር በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ፊት፣ ሌሎች አገሮች ምክረ ሐሳብ የሚያቀርቡበት ሁሉ አቀፍ ወቅታዊ ግምገማ ይደረግበታል። ማኅበራት ጽሑፍ ማስገባት ይችላሉ፦ አንድ ድርጅት ብቻውን እስከ 2,815 ቃል፣ በኅብረት ከሆነ እስከ 5,630 ቃል። ከዚህ የበለጠ አይታይም። ስድስት ጉዳይ ከመበተን ሁለቱን በማስረጃ መያዝ ይሻላል፤ በእያንዳንዱ መጨረሻ ላይም ሌላ አገር ቃል በቃል አንሥቶ ሊያቀርበው የሚችል አጭር ምክረ ሐሳብ ይጻፍ። «መብቶች ይከበሩ» የሚለውን መንግሥት በደስታ ይቀበለዋል፤ ምንም አያስገድደውምና። «የወንጀል ሕጉ አንቀጽ ይህን ያህል በሁለት ዓመት ውስጥ ይሰረዝ» የሚለው ግን በኋላ ተፈጸመ ወይስ አልተፈጸመም ተብሎ ይለካል።

ከግምገማው በኋላ የአገሩን መልስ ያውጡና «ተቀብያለሁ» ያለውን «ልብ ብያለሁ» ካለው ይለዩት። ሁለተኛው በጨዋ ቋንቋ እምቢታ ነው። የተቀበላቸውን በሠንጠረዥ ያስቀምጡ፦ ምክረ ሐሳቡ፣ ኃላፊው መሥሪያ ቤት፣ እስካሁን የተደረገው፣ ማስረጃው። በየዓመቱ ያድሱት፤ ለሚቀጥለው ዙር የሚያስገቡት ጽሑፍ ግማሹ ያን ጊዜ ተጽፎ ያገኙታል።